ጓዙ የበዛው ጊዜው ስላጠረ ነው፦ ስለ ተዘዋዋሪ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከከተማ ከተማ የሚዘዋወሩ ትልልቅ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ጓዝ አብዝተዋል የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብን። ጸሐፊው የአንድ ዙር፣ ማለትም የአንድ ተዘዋዋሪ ትርኢት ጉዞ፣ የጭነት ዝርዝር አግኝተው 14 ተሳቢ ቆጥረዋል። ቀጥለውም የመድረኩ ትዕይንት (ከእንጨትና ከሸራ የሚሠራው ግድግዳ፣ በርና ደረጃ) በኤልኢዲ ስክሪን ቢተካ፣ መብራትና ድምፅ ከየቲያትር ቤቱ ቢወሰድ፣ ሠራተኛ በእጥፍ ቢቀጠር፣ የቀረውን ደግሞ ኮምፒውተር ቢመራው 3 ተሳቢ ይበቃል ይላሉ። ዕቃ ወደ ጣሪያ የሚያነሡት የሰንሰለት ሞተሮች በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ መጻፋቸውንም የብክነት ማስረጃ አድርገው አቅርበዋል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የመድረኩን ጀርባ ላላየ ሰው 14 ተሳቢ እውነትም ብዙ ነው። መልሳቸው ግን በየነጥቡ ይስታል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ስሕተቱ ሰው ላይ የሚወድቅ ነው። ስለዚህ በጻፉበት ቅደም ተከተል እንመልሳለን።

በቅድሚያ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳውን ነገር፣ ሰዓቱን እናስቀምጥ። ትልቅ ተዘዋዋሪ ሙዚቃዊ ተውኔት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 8 ጊዜ ይታያል። የመጨረሻው ትርኢት እሑድ ማታ ያልቃል፤ ማክሰኞ ማታ በሌላ ከተማ መጋረጃው ይከፈታል። በመካከሉ ነቀላ፣ ጭነት፣ ጉዞ፣ ማራገፍ፣ ገጠማ፣ መብራት ማነጣጠር፣ ድምፅ መፈተሽ አለ። አንድ ቲያትር ቤት ውስጥ ተተክሎ ለሚቀር ትርኢት ለዚህ ሁሉ ሳምንታት ይሰጡታል፤ ተዘዋዋሪው የሚያገኘው ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ሰዓት ነው።

«አንድ ትልቅ ስክሪን የሦስት ተሳቢ እንጨትና ሸራ ይተካል» ይላል የመጀመሪያው ነጥብ። ስክሪኑን እንመዝነው። መድረኩን የሚሞላ 12 ሜትር ስፋትና 7 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ሰሌዳዎች ሲገጠም 24 በ14፣ ማለትም 336 ሰሌዳ ይፈጃል። በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ያህል ብንይዝ 2,520 ኪሎ ይሆናል፤ ማንጠልጠያ ብረቱ፣ የኤሌክትሪክና የምልክት ኬብሉ ሳይቆጠር። በአንድ ሳጥን 8 ሰሌዳ ቢገባ 42 ሳጥን ነው። 13.6 ሜትር ርዝመት ባለው የአውሮፓ ተሳቢ ውስጥ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ባለ ጎማ ሳጥኖች ጎን ለጎን 4፣ በርዝመቱ 11 ረድፍ ይቆማሉ፤ ይህም 44 ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ብቻውን የአንድ ተሳቢ ወለል ይሞላል። የምስል ማቀነባበሪያው፣ መለዋወጫ ሰሌዳው፣ ትረሱ (ዕቃ የሚንጠለጠልበት ረጅም የብረት ፍርግርግ) እና ሞተሮቹ ገና አልተጫኑም።

ጽሑፉ ይህን ስክሪን «በሦስት ባለ 1 ቶን ሞተር» ሰቅሎታል። ይህን ስሌት በዝምታ ማለፍ አንችልም። 2,520ን ለ3 ሲያካፍሉ 840 አገኙ፤ ከ1 ቶን በታች ስለሆነ ደኅና ነው አሉ። ነገር ግን ወጥ የሆነ ትረስ ሁለት ጫፉና መሀሉ ተይዞ ሙሉ ርዝመቱ እኩል ሲጫን ክብደቱ ለሦስት እኩል አይከፈልም። ሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው 18.75 በመቶ ብቻ ሲይዙ መሀሉ 62.5 በመቶ ይሸከማል። በዚህ ስክሪን ላይ መሀለኛው ሞተር የሚያርፍበት 1,575 ኪሎ ነው፤ ከተፈቀደለት በላይ ከግማሽ ቶን በልጧል። መሀለኛው ሞተር በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ከተነሣ ደግሞ ጫፎቹ ይላሉና ክብደቱ ጭራሽ ወደ መሀል ይሰበሰባል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች የማንጠልጠያ ነጥቦቹን ያበዛሉ፣ በየነጥቡ ክብደት የሚያነብ መለኪያ ያስገባሉ፣ እያነሡም ቁጥሩን ይከታተላሉ። የጣሪያው ብረት ደግሞ ሞተሩ በሚፈለግበት ቦታ ልክ አይገኝም። ስለዚህ ከሁለት ብረቶች የተነሡ ሁለት የሽቦ ገመዶች እንደ ተገለበጠ ሹካ ተገናኝተው መንጠቆውን ይይዛሉ። በገመዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ገመድ የጭነቱን 58 በመቶ ያህል ይሸከማል፤ 120 ዲግሪ ሲደርስ ግን ሁለቱም እያንዳንዳቸው ሙሉውን ክብደት ይሸከማሉ። ጣሪያው ዝቅ ባለ ቁጥር ማዕዘኑ ይሰፋል። ገመዱ በየርዝመቱ፣ ማያያዣ ብረቱ በየዓይነቱ ሳጥን ሙሉ ተጭኖ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስክሪኑ የማይሠራውም አለ። ተዋናይ በር ከፍቶ አይገባበትም፣ ደረጃ አይወጣበትም። ከፊት የሚመጣው መብራት ካረፈበት ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ብሩህነቱ ከተጨመረ ደግሞ የተዋናዩ ፊት ይጨልማል። ስክሪንን በሚገባ የሚጠቀሙ ትርኢቶች አሉ፤ ሲዘጋጁ ጀምሮ ለስክሪን የተጻፉና የተነደፉ ናቸው። ለሸራና ለእንጨት የተነደፈውን ነቅሎ ስክሪን መተካት ሌላ ትርኢት መሥራት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «የትኛውም ትልቅ ቲያትር ቤት መብራትና ድምፅ አለው፤ የራስን መሸከም ለምን?» የሚል ነው። ባለ አንድ ሌሊት ዙሮች፣ ማለትም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚታዩት፣ ከቤቱ ብዙ ይዋሳሉ፤ በዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን እነዚያም ሲነደፉ ጀምሮ ለመዋስ የተነደፉ ናቸው።

በትልቁ ትርኢት ላይ 300 የመብራት መሣሪያ አለ እንበል። አንዱን ማንጠልጠል፣ መያዣውን ማጥበቅ፣ የጥንቃቄ ገመዱን ማሰር፣ ኤሌክትሪክና ዳታ መሰካት፣ ቁጥሩን መስጠት 5 ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ 1,500 ደቂቃ ነው፤ 25 ሰዓት። ዙሩ ግን መብራቱን ትረሱ ውስጥ እንደ ታሰረ፣ ኬብሉም እንደ ተዘረጋ በጎማ እየገፋ ያስገባዋል፤ ትረሶቹ ጫፍ ለጫፍ ይቆለፋሉ፣ ሞተሩ ያነሣቸዋል፣ ያበቃል። ባዶ ቦታ የበዛበት የሚመስለው ተሳቢ የ25 ሰዓቱን ሥራ ተሸክሞ ነው የሚጓዘው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሥራ አለ። የሚንቀሳቀሰው መብራት በኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገቡለት ማነጣጠሪያዎች የተለኩት በቀድሞው ቤት ከፍታ ነው፤ ትረሱ በግማሽ ሜትር ዝቅ ካለ ሁሉም ይስታሉና አንድ በአንድ ይታረማሉ። የተበደሩት መብራት ዓይነቱም ከተለየ እርማት አይባልም፤ በመቶ የሚቆጠሩትን የመብራት ለውጦች ከዜሮ መጻፍ ነው።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት አይመጣም። ለመብራት ብቻ 400 አምፔር ባለ ሦስት ፌዝ መስመር መጠየቅ የተለመደ ነው፤ በ230/400 ቮልት ይህ 276 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። ድምፅ የራሱን የተለየ መስመር ይፈልጋል፤ ከመብራቱ ጋር ከተጋራ እዝዝታ ይገባበታል። ሲገናኝ ኤርዝ (የመሬት መስመሩ) ይቀድማል፣ ኒውትራል (የመመለሻ መስመሩ) ይከተላል፣ ኃይል ተሸካሚዎቹ ፌዞች መጨረሻ ናቸው፤ ሲነቀል በተቃራኒው። ኒውትራሉ ላልቶ ፌዞቹ ሥራ ላይ ከቆዩ 230 ቮልት የሚገባው መሣሪያ እስከ 400 ሊደርስበት ይችላል፤ በአንድ ቅጽበት ስንት ነገር እንደሚቃጠል መገመት አያዳግትም።

በድምፅ ላይ ጸሐፊው የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ገመድ አልባ ማይክ የትም ይገዛል።» ይገዛል። ችግሩ ብዛቱ ነው። ሁለት አስተላላፊዎች (የማይኩን ድምፅ በሞገድ የሚልኩ መሣሪያዎች) በ500.0 እና በ500.4 ሜጋኸርዝ ቢሠሩ፣ ሁለቱ ሲቀራረቡ ማንም ያላዘዛቸው ጥላ ምልክቶች በ499.6 እና በ500.8 ይወለዳሉ። ሦስተኛውን ማይክ 500.8 ላይ ያስቀመጠ ሰው የራሱን ማይክ በራሱ ማይክ ያፍናል። ለዚህም ነው ሞገዶቹን በእኩል ርቀት መደርደር፣ ለዓይን ሥርዓት ያለው ቢመስልም፣ ከሁሉ የከፋው ምርጫ የሚሆነው። ማይኮቹ 32 ሲሆኑ ከሁለት ምልክት የሚወለዱት የዚህ ዓይነት ጥላዎች 992፣ ከሦስት ምልክት የሚወለዱት 14,880 ናቸው፤ ሁሉንም የሚሸሽ ድልድል በሶፍትዌር ይሰላል፣ ከዚያም የከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የያዙት ይቀነሳል። ድንበር ሲሻገሩ ደግሞ ሕጉ ይለወጣል፤ በብሪታንያ ከ694 እስከ 790 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል እ.ኤ.አ. በ2020 ለሞባይል ተለቋል፣ በአሜሪካ ከ614 እስከ 698 ያለው አብዛኛው ክፍል እንዲሁ። ትናንት የሠራው ማይክ ዛሬ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል።

ማይኩ ራሱ ከክብሪት ራስ የማይበልጥ ነው፤ በተዋናዩ ግንባር ላይ ከፀጉሩ ሥር ይሰፋል ወይም ይለጠፋል። የሚጨፍር ተዋናይ ላቡ ወርዶ የማይኩን አፍ ሲደፍን ድምፁ በድንገት ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ስለዚህ ዋና ሚና ያለው ሰው ሁለት ማይክና ሁለት አስተላላፊ ይታጠቃል፤ አንዱ ሲታፈን የድምፅ ባለሙያው በአንድ ቃልና በሚቀጥለው ቃል መካከል ወደ ሌላው ይቀይራል። ከመድረኩ ጀርባ የሚያዳምጥ ሌላ ሰው ደግሞ ተዋናዩ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ማይክ በጆሮው ይፈትሻል። ጸሐፊው ትርፍ ያሉት «የድምፅ ሁለተኛ ሰው» እርሱ ነው።

«ሠራተኛ በእጥፍ ቢቀጠር ገጠማው በግማሽ ያልቃል» የሚለው ነጥብ ቲያትር ቤቱን እንደ ሜዳ ያያል። ሠራተኛ አሁንም ትንሽ አይደለም፤ ከዙሩ ጋር ከሚጓዙት በተጨማሪ ከከተማው እስከ 100 ሰው ሊቀጠር ይችላል። በሰሜን አሜሪካ በየክፍሉ ስንት ሰው ለገጠማ፣ ስንት ለትርኢት፣ ስንት ለነቀላ እንደሚያስፈልግ የመድረክ ሠራተኞች ማኅበር አያትሲ ቢጫ ካርድ በሚባል ወረቀት አስቀድሞ ያሳውቃል። ጊዜውን የሚወስነው ግን በሩ ነው። የማራገፊያ በር ሁለት ከሆነ፣ አንድ ተሳቢ ለማራገፍ 25 ደቂቃ ከፈጀ፣ 14ቱ ተሳቢ 3 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ 200 ሰው ቢቆምም በሩ አይሰፋም።

ከበሩ ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ አለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ባዶ ወለል ላይ ማዕከላዊው መስመር ይሰመራል፤ ከእርሱ እየተለካ እያንዳንዱ የማንጠልጠያ ነጥብ በጠመኔ ይጻፋል። ጣሪያ ላይ ያሉት ሰዎች ያንን ምልክት ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ እያዩ ገመድ ይጥላሉ፣ ሰንሰለት ይጎትታሉ። ትረስ ይነሣል፤ መጋረጃና ተንጠልጣይ ትዕይንት ይሰቀላል። ወለሉ የሚነጠፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ክብደት እየተነሣ ከሥሩ ሰው አይሠራም። ወለሉ ሳይነጠፍ ደግሞ ተንሸራታች ትዕይንቶች አይገቡም፤ እነርሱ ሳይገቡ መብራት አይነጣጠርም። ጸጥታ ሳይኖር ድምፅ አይለካም፤ ስለዚህ የድምፅ ባለሙያው ጸጥታ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ ነው። ያን ሰዓት ይፈልገዋል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛልና 25 ሜትር ርቆ ከሰገነቱ ሥር ለተቀመጠው ተመልካች ከመድረኩ የሚመጣው በ73 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ከራሱ በላይ ያለው ትንሽ ስፒከር ያን ያህል ካልጠበቀ ቃሉን ሁለት ጊዜ ይሰማል።

የነጠፍነው ወለል ተራ ወለል አይደለም። ጸሐፊው «መድረክ ላይ ሌላ መድረክ» ብለው የተገረሙበት ይህ ነው። ከቤቱ ወለል ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይነጠፋል፤ በሥሩ ዊንች (ገመድ የሚጠመጥም ሞተር) የሚጎትተው የብረት ገመድ በጎድጓዳ መስመር ውስጥ ይሮጣል፤ ከትዕይንቱ ሥር የወጣ የብረት ምላስ በጠባብ ስንጥቅ ወርዶ ገመዱ ላይ ካለው መያዣ ጋር ይቆለፋል። ተመልካች የሚያየው ክፍል በራሱ ተንሸራቶ ሲመጣ ነው። ያ ስንጥቅ ከአውራ ጣት አይሰፋም። ከአልባሳት የወደቀ አንድ ዶቃ፣ አንድ ብሎን፣ የተረሳ የፀጉር መርፌ ውስጡ ከገባ ምላሱ ይቀረቀራል፤ ግማሽ ቶን የሚመዝን ትዕይንት ሰው እንደ ቆመበት መሀል መድረክ ላይ ይቆማል። ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት ስንጥቆቹ በቫኩም ይጸዳሉ፣ በባትሪ መብራት እየታዩ፤ ከዚያ ሁሉም ትዕይንት ባዶውን አንድ ጊዜ ሙሉ መንገዱን ይሄዳል።

ከዚህ ወደ አራተኛው ነጥብ እንግባ፦ «ሁሉም በኮምፒውተር የሚመራ ስለሆነ አንድ ሰው ቁልፍ ቢጫን ይበቃል።» ኮምፒውተሩ ትዕይንቱ የት እንዳለ የሚያውቀው ዊንቹ ስንት እንደ ዞረ ከሚቆጥር መሣሪያ ነው። ገመዱ በተጠመጠመበት የዊንቹ ከበሮ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ከተንሸራተተ ቆጣሪው አያውቅም፤ ኮምፒውተሩ «በቦታው ደርሻለሁ» ሲል ትዕይንቱ የጎን ምሰሶውን ይገጫል። ለዚህ ነው በመንገዱ ጫፍ የማቆሚያ ማብሪያ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ኃይሉን ከነጭራሹ የሚቆርጥ ሁለተኛ ማብሪያ፣ ከእነርሱ በላይ ደግሞ ዓይኑን ከትዕይንቱ የማይነቅል ሰው የሚኖረው። ያ ሰው እጁን ከያዘው ቁልፍ ባነሣ ቅጽበት እንቅስቃሴው ይቆማል። ኮምፒውተር ዳንሰኛዋ ዛሬ ቁርጭምጭሚቷ ወልቆ በሌላ እንደ ተተካች፣ ተተኪዋም አንድ እርምጃ ወደ ግራ እንደ ቆመች አያውቅም። ሙዚቃው ደግሞ በሕይወት ያለ ነው፤ ኦርኬስትራ መሪው ዛሬ ከትናንት ቀስ ሊል ይችላል። ስለዚህ የመድረክ አስተዳዳሪው ኖታውን ፊቱ አድርጎ፣ በጨለማም የሚያሳይ ካሜራ እያየ፣ እያንዳንዱን ለውጥ «ቀጥል» ብሎ በቃሉ ያዝዛል።

ስለ ቲያትር ቤቶች «መለኪያቸውን በኢሜይል ጠይቆ መሄድ» ይበቃል ላሉት አጭር መልስ አለን። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎው ኢሮኮይ ቲያትር፣ ከአርክ መብራት የተነሣ እሳት መጋረጃ ይዞ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። በመድረክና በተመልካች መካከል መውረድ የነበረበት የእሳት መጋረጃ መንገድ ላይ በወጣ የመብራት መሣሪያ ተይዞ ቀረ። መድረኩ ላይ የነበረው በርካታ ትዕይንትና ተዋናይ የነበረው ትልቅ ሙዚቃዊ ትርኢት ነው። ዛሬ ትልቅ ዙር ወደ ቤቱ ሰው ልኮ የእሳት መጋረጃው የሚያርፍበትን መስመር በሜትር ያስለካል፤ የሚነጠፈው ወለል በዚያ መስመር ላይ ይቆረጣል፣ ምንም ትዕይንት፣ ምንም ኬብል አይሻገረውም። ኢሜይል ያንን መስመር በአብዛኛው አይጽፈውም።

አልባሳቱን በተመለከተ ጸሐፊው ማጠቢያ ማሽን በዝርዝሩ ላይ ማየታቸው አስቆጥቷቸዋል። በላብ የራሰ ልብስ በሳምንት 8 ጊዜ ይለበሳል፤ ቅዳሜ በሁለት ትርኢት መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ነቀላ ያው ገጠማን መገልበጥ ነው» የሚለው ግን አደገኛ ነው። በእጅ የሚሳብ የማንጠልጠያ ዘንግ በሌላው ጫፍ በብረት ክብደት ይመጣጠናል። ሲሰቀል ዘንጉ ወለል ላይ ሳለ መጀመሪያ ትዕይንቱ ይታሰራል፣ ከዚያ ከመድረኩ በላይ ባለው የሠራተኞች ሰገነት ክብደቱ ይጫናል። ሲነቀል መጀመሪያ ክብደቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ትዕይንቱ ይፈታል። በእሑድ ሌሊት ድካምና ጫጫታ ውስጥ አንድ ሰው ትዕይንቱን ቀድሞ ከፈታው 300 ኪሎ ብረት ከሰገነቱ ከፍታ ወደ ታች ይወረወራል፤ ባዶው ዘንግም ወደ ጣሪያ ይተኮሳል። ከታችም ከላይም ሰው አለ። ስለዚህ ሰገነቱ ላይ ያለው ሰው «ክብደቱ ወርዷል» ብሎ ጮኾ ሳይናገር፣ ከታችም «ሰምቻለሁ» ተብሎ ሳይመለስለት ማንም ቋጠሮ አይነካም።

ጭነቱም በዘፈቀደ አይደለም። ተሳቢ ውስጥ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል፤ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሚፈለገው ዛሬ ሌሊት መጨረሻ ይጫናል። የጠመኔ ሳጥኑና የማንጠልጠያ ብረቱ በስሕተት ከአልባሳቱ ኋላ ከተቀበሩ፣ 100 ሰው ደሞዝ እየታሰበለት ቆሞ ይጠብቃል።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው «ሌሊት ነድቶ መድረስ» ይላሉ። ትርኢቱ ምሽት 3 ሰዓት ተኩል አልቆ ነቀላው 5 ሰዓት ቢፈጅ፣ የመጨረሻው ተሳቢ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይነሣል። በአውሮፓ ሹፌር በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ 10 ሰዓት ይነዳል፤ በየ4 ሰዓት ተኩሉ 45 ደቂቃ ያርፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ በ9 ሰዓት 720 ኪሎ ሜትር ነው። በአሜሪካ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቀዳል። ቀጣዩ ከተማ ከዚህ ከራቀ ሰኞ በመንገድ ያልቃል፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነጥብ መጣልና ሞተር መስቀል ማክሰኞ ጠዋት ቢጀመር ደግሞ ማታ አይከፈትም።

ስለዚህ ሞተሮቹ፣ የሽቦ ገመዶቹና ማያያዣ ብረቶቹ በሁለት ስብስብ ይጓዛሉ። አንዱ ስብስብ ትርኢቱን ይዞ እዚህ ሲሠራ ሌላው ቀድሞ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ቤት ባዶ ከሆነ ከቅዳሜ ጀምሮ፣ ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ይሰቀላል። በሦስተኛው ከተማ ተራው የመጀመሪያው ስብስብ ነው። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ያሉት ሞተር ሁለት ሞተር ነው፤ እሑድ ማታ አንዱ የመብራቱን ትረስ ከተመልካች በላይ ተሸክሞ ሳለ፣ ሌላው በሚቀጥለው ከተማ ባዶ መድረክ ላይ መንጠቆውን አውርዶ ያንኑ ትረስ ይጠብቃል።